ድሉ ከተሰማ በኋላ የወደቁት

አራዳ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የአርበኞች መቃብር አለ። ስናየው ሚያዝያ 27 ቀን 1933ን፣ የድሉን ቀን እናስባለን። ታዲያ ያን ቀን ጦርነቱ አለቀ? አላለቀም! አዲስ አበባ እልል ስትል ጎንደር ገና በጣልያን እጅ ነበረች፤ ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። በእነዚያ ስድስት ወራት፣ ቁልቋል በር ላይ ሳይቀር፣ የብዙ እናት ልጅ ወደቀ። ድሉን ሰምታ «ልጄ መጣ» ስትል መርዶ የደረሳት ስንት ናት!

ወገኖቼ፣ ጌታችን በመስቀል ድል ነሥቷል፤ አሜን! ግን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ከማርያም ጋር አልቅሷል (ዮሐ. 11)። እኛስ ኀዘንተኛውን «ድል የእኛ ነው፣ በርታ» ብለን ጥለነው እንሂድ? ዛሬም ልጇ ከጦርነት ያልተመለሰላት እናት አጠገባችሁ ተቀምጣ ይሆናል። ሃሌ ሉያ ከማለታችሁ በፊት እጇን ያዙ። ጌታ ይባርካችሁ።