ሪቬት ለብቻ አይመታም
(በሉማሜ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ አውሮፕላን እናወራለን ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኛ አውሮፕላን የምናየው ወደ ሰማይ አንጋጠን ነው። ነገር ግን በየቤታችን ያለውን የአልሙኒየም ድስት ጆሮ ተመልከቱ። ጆሮውን ከድስቱ ጋር ያያዘው፣ ጭንቅላቱ ድብልብል ያለው ትንሽ ብረት ሪቬት ይባላል። የብዙ አውሮፕላኖች አካልም የተያያዘው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ስስ የአልሙኒየም ቆርቆሮዎች ተደራርበው ይበሳሉ። የቀዳዳው ጠርዝ ይጠረጋል፤ ሻካራ ከቀረ ቆርቆሮው ከዚያ ጀምሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ ሪቬቱ ይገባል። አንዷ ከውጭ በአየር መዶሻ ትመታለች፤ ሌላዋ ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፋ ትይዛለች። የሪቬቱ ጅራት ድጋፉ ላይ ተጨፍልቆ ሁለተኛ ጭንቅላት ይሆናል። ደጋፊዋ ሳትዘጋጅ ከተመታ ቆርቆሮው ይጎዳል። የተበላሸ ሪቬት ተሰርስሮ ይወጣና በአዲስ ይተካል።

«አንዷ፣ ሌላዋ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ፣ በአሜሪካ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ይህን ሥራ በብዛት የያዙት ሴቶች ነበሩ።

በአገራችንም በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት አውሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። የጤና ባለሙያው አስመላሽ ዘፈሩም ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ተምሮ በገዛ እጁ የሠራትን አውሮፕላን በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሞከራት። ያን ቀን አልተነሳችም። በስሟ መጀመሪያ ያለው «ኬ» ግን የእናቱ የኪሮስ መታሰቢያ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አምና አንዲት ልጃችን ብየዳ ለመማር ከቁጠባችን ብድር ጠይቃን ነበር። «የወንድ ሥራ ነው» ብለን ከለከልናት። እሷም ዓረብ አገር ሄደች። እናቷ ዛሬም እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። አንድ ቀን አልወቀሱንም፤ ዝምታቸው ግን ከወቀሳ ይብስብናል።

ዘንድሮ ሁለት ልጆች ያንኑ ጠይቀውናል። አውሮፕላን ይሠራሉ አንልም። በርና መስኮት ይበይዱ፣ የተሰበረ ማረሻ ይጠግኑ ይሆናል። ብድሩም እንደ ማንኛችንም ብድር በየወሩ ይመለሳል። መዶሻውን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ከውስጥ ደግፎ መያዝ ግን የእኛ ድርሻ ነው። አምና ያበላሸነውን ነቅለን በአዲስ እንተካ። አሁን ድምፅ ስንሰጥ ይህን እያሰብን እጃችንን እናውጣ።