የላስታ አየርና የሞዴል አውሮፕላን ጀማሪ



እንድናገር የተጠየቅሁት በሬዲዮ ስለሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖች አበራረር ነው። ነገሩን የልጆች መጫወቻ አድርጎ የሚመለከተው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በ2004 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ እኔ ራሴ ከሠራሁት ስሕተት ልነሣ።

ለጀማሪ የሚሠራው ሞዴል ታጋሽ ነው። ክንፉ ሰፊና ከገላው በላይ የተቀመጠ፣ ጫፎቹም ወደ ላይ ቀና ያሉ ስለሆኑ፣ ተማሪው ደንግጦ ዘንጉን ቢለቅ፣ በቂ ከፍታ እስካለው ድረስ ራሱን ለማቃናት ይሞክራል። ጀማሪውን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ እርሱ መልሶ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ይሆንበታል። መላው ዘንጉን ወደ ዘቀዘቀው ክንፍ መግፋት ነው፤ ክንፉን ከሥር እንደ መደገፍ ማለት ነው።

የእኅቴ ልጅ ይህን በሦስት ቀን ለመደው። ያቃተው ማሳረፍ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ የሰው ቁመት ያህል ሲቀረው፣ በድንገት አንድ ክንፉን ጥሎ ይወድቃል። አራት ጊዜ ወደቀ፤ በአራተኛውም ክንፉ ተሰበረ። እኔም በቁጣ «አንተ ለዚህ ነገር አልተፈጠርህም» አልሁት። ልጁ ምንም ሳይመልስ ስብርባሪውን ለቅሞ ሙጫ ፍለጋ ሄደ።

ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። እኔ ትምህርቱን የቀሰምሁት በውጭ አገር፣ በባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ ነው። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 22 ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከመቶ 13 ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። አየሩ በቀትር ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። ሞዴል አብራሪ ፍጥነትን የሚለካው በዓይኑ ብቻ ነው፤ እኔም ያስተማርሁት የባሕር ዳርቻውን ፍጥነት ነበር። ልጁ እንደ ታዘዘው ሲያቀዘቅዘው ክንፉ አየር ያጣል። ሞተሩም ኃይሉ ይቀንሳል፤ ነዳጁን የምታመጥነውን መርፌ ጥቂት ማጥበቅ ያስፈልጋል። (የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዋና መንደርደሪያ 3800 ሜትር የሚረዝምበት አንዱ ምክንያት ይኸው የሳሳ አየር መሆኑን እያወቅሁ፣ ወደ ትንሿ ሞዴል ሲመጣ መዘንጋቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የላሊበላው አውሮፕላን ማረፊያም ከከተማው አምስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሜዳው ላይ ነው የተሠራው።)

ማታ ሒሳቡን በወረቀት ሠርቼ ለልጁ አሳየሁት። ጥቂት አሰበና «ጋሼ፣ እንግዲያው ጥንብ አንሳው ሳይነሣ በማለዳ እንሞክር» አለኝ። እረኛ ሆኖ ያደገ ልጅ ነው፤ ጥንብ አንሳ ገደሉ በፀሐይ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሣ ድረስ ከመቀመጫው እንደማይነቃነቅ ያውቃል። ይህ ሽቅብ የሚነሣ አየር ለወፉ በረከት ሲሆን ለጀማሪ አብራሪ ግን ጠላቱ ነው። በእኔ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይህን የመሰለ ሰዓት አልነበረም።

በማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ በታጨደ የገብስ ማሳ ላይ ሞከርን። በዓይን ሲታይ የሚያስፈራ በሚመስል ፍጥነት አወረደው፤ አውሮፕላኑም ረዘም አድርጎ ተንሸራትቶ በጎማው ቆመ። ይቅርታ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ይህን ለመሞከር የሚያስብ ባልደረባ አስቀድሞ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ ይጠይቅ፤ ለአካባቢውም ሰው በግልጽ ይንገር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታን ከደረሰ ወዲህ፣ ከሰማይ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን ወደ ቤት የሚሰበስብ ገበሬ አለ፤ ለእርሱ ነገሩ ጨዋታ አይደለም።

ወደዚያች ማለዳ ልመለስ። ልጁ ሁለተኛ እንዲያበር ጠየቅሁት። እርሱ ግን ወደ ገደሉ አመለከተኝ፤ ጥንብ አንሳዎቹ መዞር ጀምረው ነበር። ክንፉን ፈትተን ወደ ቤት ተመለስን።