ከእህል በረንዳ የተማርኩት፦ ስለ ወገብ ህመም
(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስናገር ወዲያ ወዲህ ስል ካያችሁኝ ፈርቼ አይደለም፤ ወገቤ ነው። አንድ ቦታ ከቆምኩ ይደርቅብኛል። ከመካከላችሁ ከወንበሩ ተነስቶ ከኋላ መቆም የሚፈልግ ካለም በነፃነት ይቁም። ምክንያቱን አውቃለሁ።

ያደግኩት አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ነው። አባቴ እህል በረንዳ ወዛደር ነበር። ብዙዎቻችሁ ይህን አታውቁም፤ ተማሪ ሳለሁ “ነጋዴ ነው” እያልኩ አልፌው ነበርና። የወዛደርን ሥራ በቁጥር ልንገራችሁ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ከአይሱዙው ላይ ያሉት ሰዎች ጫንቃው ላይ ያሸክሙታል፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ወደ መጋዘን ይገባል፣ ጥሎ ይመለሳል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ሰው ዕቃ ሲያነሳ የሚጠቀመው ስሌት ደግሞ፣ ሁሉ ነገር በተመቸበት ሁኔታ፣ ከ23 ኪሎ ይጀምርና ወደ ታች ይቀንሳል። በዚያ ሂሳብ አባዬ ብቻውን ከአራት ሰው በላይ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. አራተኛ ዓመት ነበርኩ። ነጭ ጋውን ለብሼ ታማሚ ማየት ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኛል። አንድ ማታ አባዬ ግድግዳ ተደግፎ ገባ። “ወገቤ ተቆረጠ” አለ። አልጋው ላይ አጋድሜ እግሩን ቀጥ አድርጌ ሳነሳው ጮኸ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ የተማርኩትን ምልክት ስላገኘሁ ደስ አለኝ። “አባዬ፣ ዲስክህ ተንሸራቷል። ሁለት ወር ከአልጋ እንዳትወርድ” አልኩት።

ሁለት ወር እንዳስተኛው ያስተማረኝ መምህር የለም። ከሰፈር ከሰማሁትና ከራሴ ፍርሃት ያወጣሁት ትዕዛዝ ነው። አባዬ ግን ቃሌን እንደ ግዝት ያዘው። ሊጠይቁት የመጡትን ሁሉ “ሐኪም አዞኝ ነው፤ ሐኪሟም ልጄ ናት” ይላቸው ነበር።

ሁለት ወር ተኛ። ሲነሳ ወገቡ ተሽሎት ነበር፤ እግሩ ግን ቀጥኗል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈርቷል። ጎንበስ በል ሲባል አገጩን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። ወዛደር የሚሠራው በቡድን ነው፤ ተራውን የለቀቀ ሰው ቦታው አይጠብቀውም። እማዬ እንጀራ መሸጥ ጀመረች፣ እሱ የሌሊት ዘበኛ ሆነ። ወደ እህል በረንዳ አልተመለሰም።

ሐኪም ከሆንኩ በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው። ወገባቸውን ካመማቸው ሰዎች ገሚሱን ሁለት ቀን፣ ገሚሱን ሰባት ቀን እንዲተኙ አዘዟቸው። ሁለት ቀን የታዘዙት ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ ያነሱ ነበሩ። አባዬን ሳስተኛው ይህ ጥናት ከታተመ 15 ዓመት ሆኖታል። እኔ ደግሞ ያዘዝኩት ስልሳ ቀን ነው። ባላስተኛው ኖሮ ያው ኩንታሉ ሌላ ቀን ይጥለው ነበር ይሆናል። ግን እንጀራውን የሚተውበትን ቀን እሱ ይመርጥ ነበር። ያን ቀን የመረጥኩለት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አርባ ዓመት በሞላኝ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ በርበሬ ተራ ገብቼ ፌስታሌን ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ቀና ማለት አልቻልኩም። አንድ ሽማግሌ ወዛደር አየኝና ጋሪውን አቁሞ መጣ። “ልጄ፣ እንዳትቀመጪ። ከተቀመጥሽ ትደርቂያለሽ። ክንዴን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ተራመጂ” አለኝ። ወዲያ ሃያ እርምጃ፣ ወዲህ ሃያ እርምጃ አስኬደኝ። በላብ ተጠምቄ ታክሲ ውስጥ የገባሁት ቆሜ እየሄድኩ ነው። እኔ ለአባቴ ያላልኩትን አንድ ወዛደር ለእኔ አለኝ።

በሳምንቱ ኤም አር አይ ተነሳሁ። ውጤቱ ላይ “ዲስክ አብጧል” የሚል ሳይ፣ ሐኪምነቴ ሁሉ ጠፍቶ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ቆይቼ ነው እ.ኤ.አ. የ2015ቱን ጥናት ያስታወስኩት። ምንም ህመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንት ደግሞ 84 በመቶው ያበጠ ዲስክ ይታይባቸዋል። እንደ ሽበት ነው። ፎቶ ላይ የታየው ሁሉ የህመሙ ምክንያት አይደለም።

የረዳኝ ተአምር አልነበረም። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ፣ ጠዋት ምንጣፍ ላይ የሆድና የጀርባ እንቅስቃሴ፣ ለጥቂት ቀናት ማስታገሻ፣ በቂ እንቅልፍ። ከሁሉ የከበደኝ ጎንበስ ማለትን አለመፍራት ነው። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ዛሬም አልፎ አልፎ ይነሳብኛል፤ ግን ሲነሳ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

ብቻዬን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ህመም እንደነበረበት ተገምቷል። የአብዛኛው ምክንያት ይህ ነው ተብሎ በጣት አይጠቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ህመም ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን ይመክራል። ፋርማሲ ሄደን የምንገዛውን የወገብ ቀበቶና የጉተታ ሕክምናን ግን በመደበኛነት አትስጡ ይላል።

ሁሉንም “ተንቀሳቀስ” ብሎ መላክም ሌላ ስህተት ነው። ወገቤን እያለ ማታ ማታ የሚያልበው፣ የሚያተኩሰው፣ የከሳ ሰው ከመጣ በአገራችን መጀመሪያ የአከርካሪ ቲቢ ትዝ ይበለን። ፐርሲቫል ፖት የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው፤ ዛሬም ከእኛ ጋር አለ። ሽንት እምቢ ካለው፣ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግሩ ከዛለ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል።

አሁን የምሠራው ከሰፈሬ ብዙም ሳይርቅ ነው። ወዛደር ሲመጣ “ሸክም አቁም” አልለውም፤ ያ ሕክምና ሳይሆን “አትብላ” ማለት ነው። “ስንት ኪሎ ነው? በቀን ስንት ጊዜ? ማን ያሸክምሃል? ማን ያወርድልሃል?” እላለሁ። ከዚያ አብረን እንደራደራለን፦ ለሳምንት በጋሪ፣ ከመሬት ማንሳት ለጊዜው ቀርቶ ከመኪና ላይ መቀበል፣ ቀስ በቀስ ወደ ሥራ። አንዱ “ዶክተር፣ ኪሎውን የጠየቀኝ ሐኪም አንቺ ነሽ” አለኝ። አፈርኩ። እኔም አባቴን አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምን። መምህራኖቻችን፣ ተማሪዎቻችሁ የታማሚ ታሪክ ሲወስዱ “ሥራ፦ የቀን ሠራተኛ” ብለው አይለፉት፤ ኪሎውንም ይጻፉ። ወደ ንግድና ወደ አስተዳደር የገባችሁ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ተሽጦ ሕንፃ ከቆመ፣ ጤፍ በ50 ኪሎ ጆንያ ቢሸጥ ማን ይጎዳል? ከማንኛውም መርፌ ይልቅ ይህ ብዙ ወገብ ያድናል።

አባዬ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ራጉኤል ደርሶ በእግሩ ይመለሳል። ይህን ልናገር ነው ስለው ትንሽ ዝም ብሎ፣ “ተናገሪው፤ ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ፣ ሰነፍ ነበር ይሉኛል” አለኝ። አልጠራሁም።

በሉ፣ አሁን ሁላችንም እንነሳ፤ ብዙ ተቀመጥን።