ጋዙ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳልን?

ውስጣዊ ሰበቃ ያለውና ሙቀት የሚያስተላልፍ ጋዝ ከታወከ በኋላ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳልን? ማትሱሙራና ኒሺዳ እ.ኤ.አ. በ1980 በሦስት ልኬት፣ ሁከቱ ትንሽ ከሆነ፣ እንደሚመለስ አረጋገጡ። አመላለሱ ግን አዝጋሚ ነው። ሰበቃና ሙቀት አጫጭሮቹን ሞገዶች ፈጥነው ያጠፋሉ፤ ረጃጅሞቹን ቀስ በቀስ ይበትናሉ። ወሰን በሌለው ቦታ ጊዜው 16 እጥፍ ሲሆን ሁከቱ፣ በኤል-ሁለት ልኬት ሲመዘን፣ በአብዛኛው ወደ አንድ ስምንተኛ ግድም ቢወርድ ነው።

«ትንሽ» የምትለው ቃል ለዓመታት የማረጋገጫው ድክመት ብቻ ትመስለኝ ነበር፤ ሰበቃ ሁሉን ያለዝባል ብዬ አምን ነበርና። ተሳስቻለሁ። ሜርል፣ ራፋኤል፣ ሮድኒያንስኪና ሼፍቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ሥራ፣ የሙቀትን እኩልታ በሚተወው ቀለል ያለ ሞዴል፣ መነሻው ለስላሳ የሆነ ጋዝ ሰበቃ እያለውም በተወሰነ ጊዜ ወደ አንድ ነጥብ ሊደረመስና እፍጋቱ ወሰን ሊያጣ እንደሚችል አሳዩ።