መጀመሪያ በሩ ይዘጋ
(በማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

 

የእኔ ሙያ የሕዝብ ጤና ነው፤ በዚያም ውስጥ ሰዎች ስለ ትዳራቸውና ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነታቸው የሚጠየቁበት ዘርፍ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ አትስጉ፤ ዛሬ የማወራው ስለ መኝታ ቤቱ ሳይሆን ስለ ጥያቄው ነው።

አገራችን ሰው ስለ ከብቱ ብዛት ሲጠየቅ እንኳ ትንሽ ቀነስ አድርጎ ነው የሚናገረው። ስለ ጓዳው ሲጠየቅማ! «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ነው። ታዲያ እውነቱ እንዴት ይገኛል?

አሜሪካዊው አልፍሬድ ኪንሴይ መጀመሪያ የተርብ ዝርያዎችን የሚያጠና የሥነ እንስሳት ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ወንዶች፣ በ1953 ደግሞ ስለ ሴቶች የጻፋቸው መጻሕፍት ዓለምን አነጋገሩ። የሰዎቹን መልስ ሌላ ሰው በማያነበው ምልክት ይመዘግብ ስለነበር ብዙዎች አምነው ነገሩት። ነገር ግን ተጠያቂዎቹ በዕጣ የተመረጡ ስላልነበሩ ቁጥሮቹ መላውን ሕዝብ አይወክሉም ተብሎ ተተቸ። እንግሊዞች በበኩላቸው በዕጣ የተመረጡ ሰዎችን ለመጠየቅ ሲነሡ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥታቸው ገንዘብ አልሰጥም አለ። ዌልካም ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ወጪውን ሸፈነና ወደ 19,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጠየቁ። በጣም የሚያሳፍሩትን ጥያቄዎች ተጠያቂው ራሱ ጽፎ በፖስታ ያሽግ ነበር። ሰው ምስጢሩ እንደሚጠበቅለት ሲያምን ይናገራል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሴቶች ጤናና በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት በ10 አገሮች ጥናት ሲያካሂድ፣ ከቦታዎቹ አንዷ የእኛዋ ቡታጅራ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው ውጤት እንዲህ ይላል፦ በቡታጅራ አካባቢ ትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው 100 ሴቶች 71ዱ በሕይወታቸው አንድ ጊዜም ቢሆን በባላቸው ወይም በጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ወሲባዊ ጥቃቱ ብቻውን ሲታይ 59 ነው። በጃፓኗ ዮኮሃማ ከተማ የመጀመሪያው ቁጥር 15 ነበር።

ብዙ ሰው 71 ሲባል ይደነግጥና እዚያው ያቆማል። እኔን ግን የሚገርመኝ ሴቶቹ መናገራቸው ነው። እንዴት ተናገሩ? ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች። የምትጠየቀው ለብቻዋ ነው፤ ባልም አማትም አጠገቧ የለም። ጥናቱ በመንደሩ የሚታወቀው «የሴቶች ጤና» ተብሎ ነው፤ የጥናቱ ትክክለኛ ርእስ ቢሰማ ቤት ገብታ የምትደበደብ አለችና። በመካከል ሰው ከገባ ጠያቂዋ ወሬውን ወደ ሌላ ትለውጣለች። ጠያቂዎቹም ሴቶች ናቸው፤ ሳይደነግጡና ሳይፈርዱ እንዲያዳምጡ ሠልጥነዋል። በመጨረሻም በልጅነቷ ተደፍራ እንደሆነ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ የሚስቅ ወይም የሚያዝን ፊት ባለበት ካርድ ላይ ምልክት አድርጋ እንድትሰጥ ዕድል ይሰጣታል። በአብዛኞቹ የጥናቱ ቦታዎች በአፋቸው ካሉት ይልቅ በካርዱ ያመለከቱት በልጠው ተገኙ።

እንግዲህ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪም አለ፣ ዳኛ አለ፣ መምህር አለ፣ ሽማግሌ ሆኖ ባልና ሚስት የሚያስታርቅም ሞልቷል። ሐኪሙ ባል አጠገቧ ቆሞ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢላት «ወድቄ ነው» ትላለች። ሽማግሌውም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቅሬታ ካለሽ ተናገሪ» ቢላት «ምንም የለኝም» ትላለች። ያኔ «ጉዳዩ አለቀ» ብለን እንመርቃለን። አላለቀም፤ በሩ ሳይዘጋ ስለጠየቅናት ነው።

ለሕግ ባለሙያዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ነው። እነዚያ 59ኙ አብዛኞቹ ስለ ጋብቻቸው ነው የተናገሩት። የነገሩን አውቀውና አምነውን ነው፤ መልሱ ከእናንተ ይጠበቃል።

የቀረነው በየቤታችን ልንጀምር እንችላለን። የትዳር ጓደኛችንን «ደስ ብሎሻል ወይ? ደስ ብሎሃል ወይ? የማትፈልገው፣ የማትፈልጊው ነገር አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ባይጥመንም አንቆጣ። አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰው ሁለተኛ እውነት አይነገረውም።