የመስማት ጉድለት፤ ዓይነቶቹና መንሥኤዎቹ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በበሽተኛ መዝገብ ላይ «ጆሮው አይሰማም» የሚል ቃል ሲሰፍር ምልክቱ ተገለጸ እንጂ በሽታው ገና አልታወቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በተለያየ ደረጃ የመስማት ጉድለት አለበት። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው ጉድለት ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ሊወገድ በሚችል ምክንያት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ጉድለቱ የት ላይ እንደደረሰ ለይቶ ማወቅ የሕክምናው ሁሉ መነሻ ይሆናል።

ድምፅ በውጫዊው ጆሮ ገብቶ ታምቡሩን ያርገበግባል፤ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችም ንዝረቱን ወደ ውስጣዊው ጆሮ ያደርሳሉ። በዚያም የቀንድ አውጣ ቅርፅ ባለው ክፍል ውስጥ የሚገኙ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ለነርቭ ወደሚስማማ መልእክት ይለውጡታል። መንገዱ ከውስጣዊው ጆሮ በፊት ሲዘጋ የማስተላለፍ ጉድለት ይባላል፤ ሕዋሳቱ ወይም ነርቩ ሲጎዱ የነርቭ ጉድለት ይባላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ድብልቅ ጉድለት ይሆናል።

የማስተላለፍ ጉድለት ከተጠራቀመ ኩክ፣ ወደ ጆሮ ከገባ ባዕድ ነገር፣ ከታምቡር መቀደድ ወይም ከአጥንቶቹ መገተር ይመጣል። ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚያሻው የመካከለኛው ጆሮ ብግነት ነው። ጉሮሮን ከጆሮ የሚያገናኘው ቱቦ በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም በመሆኑ ተራ ጉንፋን በቀላሉ ወደ ጆሮ ይዘልቃል። ሳይታከም ሲቀር ታምቡሩ ይበሳል፤ መግሉም ለወራትና ለዓመታት ይፈሳል፤ አጥንቶቹንም ሊበላ ይችላል። ስለዚህ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብም ጉዳቱን ያባብሳል። ጆሮውን ማጽዳትና ማድረቅ፣ ተገቢውን ጠብታ መስጠት፣ ሲያስፈልግም ታምቡሩን በቀዶ ጥገና መጠገን ብዙውን ጊዜ መስማትን ይመልሳል።

የነርቭ ጉድለት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የሰው ልጅ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መንሥኤዎቹም የዘር ውርስ፣ እናት በእርግዝና ጊዜ የሚይዛት የጀርመን ኩፍኝ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ የጨቅላ ከባድ ቢጫነት፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና እርጅና ናቸው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ደግሞ ከዚህ በሽታ የዳነ ሕፃን ሁሉ ሳይውል ሳያድር የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። የፋብሪካ ጩኸትም እንዲሁ ይጎዳል። 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል።

ከመንሥኤዎቹ አንዱ በራሱ በሐኪም እጅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን የብዙ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞችን ሕይወት ቢያድንም ጆሮን እንደሚጎዳ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። ከዚሁ ወገን የሆነው ካናማይሲን መድኃኒት ለተላመደው ነቀርሳ እንዳይሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያ አወጣ። ጄንታማይሲን ግን ዛሬም በጠና ለታመሙ ጨቅላዎች ይታዘዛል። ስለዚህ መጠኑን በክብደት ማስላት፣ የኩላሊትን ሁኔታ ማየትና ቀኑን ማሳጠር ግዴታ ነው።

ሁለቱን ዓይነቶች ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ርካሽ ነው። አዶልፍ ሪን እ.ኤ.አ. በ1855 በገለጸው ዘዴ የድምፅ መቃኛ ሹካ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ፣ ቀጥሎም በጆሮ ቀዳዳ ፊት ይያዛል። በአጥንቱ በኩል ይበልጥ ከተሰማ ጥርጣሬው ወደ ማስተላለፍ ጉድለት ያመራል። በአየር በኩል ይበልጥ ከተሰማና መስማቱ ግን ደካማ ከሆነ ወደ ነርቭ ጉድለት ያመራል። ማረጋገጫው የመስማት መለኪያ መሣሪያ ነው።

ጉድለቱ የማይመለስ ሲሆንም የባለሙያው ሥራ አያበቃም። ሕፃኑ ቋንቋ በሚለምድባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የማዳመጫ መሣሪያም ሆነ የምልክት ቋንቋ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ያለ ቋንቋ የሚያልፉት ዓመታት በኋላ በቀላሉ አይካሱምና።

እንግዲህ ከዚህ ሙያ የሚጠበቀው የሚጠገነው ሳይጠገን እንዳይቀር፣ የማይጠገነውም አስቀድሞ እንዳይደርስ መትጋት ነው።