ስለ ቤት ጀነሬተር አያያዝ



ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በእጃጂ ከተማ፥ እንደ ሌሎቹም ከተሞች ሁሉ፥ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ጀነሬተር ያለው ሰው ሞተሩን ያስነሣል። ነገር ግን ዝናብን ወይም ሌባን ፈርቶ ወደ በረንዳው ወይም ወደ ጓዳው ቢያስገባው ታላቅ ስሕተት ነው። የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ሰውን በእንቅልፉ እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። ሞተሩም የሚተፋው ይህንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን፥ ቀለምም ሽታም የሌለውን መርዝ ነው። ስለዚህ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ በውጭ፥ ዙሪያው ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ይቀመጥ። ነዳጅም የሚጨመርለት ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። አንዳንዱ የጀነሬተሩን ገመድ በግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። ኃይሉም በቆጣሪው በኩል ተመልሶ ወደ መንገዱ ሽቦ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩም 220ውን ቮልት ወደ 15,000 ሊያሳድገው ይችላል። በዚያች ሰዓት መስመሩን ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ፥ ኃይል የለውም ብሎ በጨበጠው ሽቦ ሕይወቱን ያጣል። እንግዲህ በባለሞያ እጅ፥ ቤቱን ከመንገዱ መስመር የሚለይ መቀያየሪያ ማስገባት ይገባል። ይህ ካልተቻለ አምፖሉንና ማቀዝቀዣውን በቀጥታ ከጀነሬተሩ ላይ መሰካት ነው።

መብራታችንን ሊመልስልን በዝናብ የሚደክመውን ሰው በገዛ ብርሃናችን እንዳንገድለው እንጠንቀቅ።